ገጣሚና ደራሲ ማነጋገር በጎጃም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በጎጃም ከተሞችና ገጠሮች ገጣሚዎችን፣ ደራሲዎችንና የቅኔ መምህራንን ስለ ሥራቸውና ስለ ሕይወታቸው አነጋግረው ድምፃቸውን ለማስቀረት ለተነሡ የሥነ ጽሑፍ ክበባት፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና ወጣት ጸሐፊዎች ነው። ከታች አንድ ነገር ደጋግመን እንላለን። ደራሲን ስለ ድርሰት በጥቅሉ አትጠይቁት። ሥራውን ገልጣችሁ በአንዲት ስንኝ፣ በአንዲት ገጽ ላይ ጠይቁት፤ ሕይወቱን ራሱ ከዚያው ተነሥቶ ያወራላችኋል።

ማንን እናነጋግር? መጽሐፍ ያላሳተመ ሰው ደራሲ ይባላል?

ይባላል እንጂ። ሐዲስ አለማየሁ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ፣ አቤ ጉበኛ ከአቸፈር፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ከዘጌ መነሣታቸውን ብዙ አንባቢ ያውቃል። በዚያው አገር ግን ማኅሌት ቆመው መወድስ የተባለውን የግዕዝ ቅኔ የሚያበረክቱ መምህር፣ ሠርግ ላይ ግጥም የሚሰጡ ገበሬ፣ ሙሾ የሚያወርዱ አልቃሽ፣ ማሲንቆ ይዞ የሚዞር አዝማሪ አሉ። እነዚህም ደራሲዎች ናቸው፤ ልዩነቱ ወረቀት ላይ አለመስፈሩ ብቻ ነው። የታተመው መጽሐፍ ነገም መደርደሪያው ላይ አለ፤ በቃል ያለው ግን ከባለቤቱ ጋር መቃብር ይወርዳል። ስለዚህ ዝርዝር ስታወጡ ዕድሜያቸው የገፋውንና ያላሳተሙትን አስቀድሙ።

ሴቶችን አትዝለሉ። «ቅኔ የወንድ ነው» የሚል ካጋጠማችሁ፣ በዚያው በጎጃም ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አስታውሱት። ሙሾና እንጉርጉሮ ደግሞ በብዛት በሴቶች አፍ ያለ ድርሰት ነው።

አዝማሪ ስትቀዱ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በአዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል። ስለዚህ የሰማችሁት ስንኝ ሁሉ የአዝማሪው አይደለም። በየግጥሙ መጨረሻ «ይህ የእርስዎ ነው ወይስ የተቀበሉት?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ከግጥሙ ጎን ጻፉት። ይህ ካልተደረገ ከዓመት በኋላ ማን ምን እንደ ገጠመ መለየት አይቻልም።

ከመሄዳችን በፊት ምን ያህል ማንበብ አለብን?

ያሳተመ ደራሲ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሥራውን ከዳር እስከ ዳር፣ ሌሎቹን እየመረጣችሁ። ስታነቡ እርሳስ ይኑራችሁ። «ይህ ለምን እዚህ ገባ?» ያሰኛችሁን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉ፤ ከነዚያ ውስጥ 6 ወይም 7 ምረጡ፤ በገጹ ላይ ወረቀት ሸጉጡበት። የጥያቄ ዝርዝራችሁ ይኸው ነው። መጽሐፉን ይዛችሁ ሂዱ። ደራሲ መጽሐፉ በአንባቢ እጅ ተጨባብጦ፣ ጠርዙ ላይ ተሰምሮበት ሲያይ ንግግሩ ይለወጣል።

ያላሳተሙ ከሆኑ አስቀድሞ አንድ ቀን ያለ መቅጃ ሄዳችሁ አድምጡ። በዚያ ቀን የሰማችሁትን 2 ወይም 3 ግጥም በቃላችሁ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ሁለተኛው ቀን የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ታዲያ ምን ብለን እንጠይቅ?

«ግጥም መጻፍ መቼ ጀመሩ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ይህን ጥያቄ ሁሉም ጠይቋቸዋል፤ መልሱም «ከልጅነቴ ጀምሮ ዝንባሌው ነበረኝ» የሚል፣ ስንት ጊዜ የተባለ፣ የደረቀ መልስ ነው። «መልእክትዎ ምንድን ነው?» የሚለውም ያው ነው፤ ደራሲው መልእክቱን ጽፎታል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ድገመው ማለት ድካሙን ማቅለል ነው።

እጅ የሚይዝ ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው ግጥም በምን ላይ ተጻፈ? በደብተር ነው፣ በሲጋራ ወረቀት ነው፣ ወይስ በቃል ብቻ ነበር? ወረቀቱ አሁን የት ነው? መጀመሪያ ለማን ተነበበ፣ ያ ሰው ምን አለ? ይህ ቃል ከመግባቱ በፊት በቦታው ሌላ ቃል ነበር? ከመጽሐፉ የወጣ ምዕራፍ አለ? ማን አስወጣው? እዚህ ገጽ ላይ ያለችው የገበያ ቦታ የትኛው ገበያ ናት? በጎጃም ልብ ወለድ ውስጥ ስሙ ተለውጦ የገባ መንደር ብዙ ነው፤ ደራሲው ፈቅዶ የሚነግራችሁ ከሆነ ካርታ ላይ አስምሩት።

ስለ ሥራ ሁኔታም ጠይቁ። አብዛኛው ደራሲ መምህር፣ ጸሐፊ፣ ነገረ ፈጅ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ነው የጻፈው። በቀን ስንት ሰዓት፣ ከሥራ በፊት ወይስ ማታ፣ በፋኖስ ወይስ በመብራት? በእጅ ነው በታይፕ? ማን ታየበለት፣ በገጽ ስንት ተከፈለ? ማተሚያ ቤቱን ማን ከፈለ፣ ስንት ቅጂ ታተመ፣ ስንቱ ተሸጠ፣ የቀረው የት ገባ? በአገራችን ከኪሱ አውጥቶ፣ ተበድሮ ያሳተመ ደራሲ ብዙ ነው፤ የሥነ ጽሑፋችን ታሪክ ግማሹ በዚህ ዕዳ ውስጥ ያለ ሆኖ ሳለ የሚጠይቀው የለም። በደርግ ዘመን የጻፉ ከሆኑ ስለ ሳንሱር ጠይቁ። የትኛው መስመር ወጣ፣ በምትኩ ምን ገባ፣ በኋላ በታተመው ላይ ተመልሷል ወይስ እንደተቆረጠ ቀረ?

ረቂቅ ካላቸው ጠረጴዛው ላይ አስወጡት። የተሰረዘ ቃል ያለበት አንድ ገጽ ከአንድ ሰዓት ንግግር ይበልጣል። ገጹን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሡ፤ የወረቀቱን ጀርባም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ የሒሳብ ወረቀት፣ የደብዳቤ ረቂቅ ወይም ቀን ይገኛል፤ ግጥሙ መቼ እንደተጻፈ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከዚያ ጣታችሁን ስርዙ ላይ አድርጋችሁ «ይህን ለምን ሰረዙት?» በሉና ዝም በሉ። ዝምታውን አትሙሉት፤ እስከ 10 ሰከንድ ጠብቁ። ጥሩው መልስ የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው።

ሰምና ወርቁን ፍቱልን ብሎ መጠየቅ ነውር ነው?

አጠያየቁ ነው ነውር የሚያደርገው። «ወርቁ ምንድን ነው?» ብሎ በጥሬው መጠየቅ «እኔ አልገባኝም፣ አንተ ሥራልኝ» ማለት ነው። መጀመሪያ የራሳችሁን ፍች አቅርቡ፤ ተሳስታችሁም ቢሆን። ገጣሚ የተሳሳተ ፍች ሰምቶ ዝም አይልም።

ለማሳያ ብቻ የተሠራች ይህችን ሁለት ስንኝ ተመልከቱ፦

ከደጀን አፋፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ባየው፣
እስከ ጎሃ ጽዮን አባይ ነው የሞላው።

ቤቱ የወል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ 6 እና 6፣ በድምሩ 12 ቀለም (ክፍለ ቃል) ይዟል። ሰሙ ግልጽ ነው፤ በጎጃም በኩል ደጀን፣ በሸዋ በኩል ጎሃ ጽዮን፣ በመካከል የወንዙ በረሃ። ኅብሩ፣ ማለት ሁለት ፍች የያዘው ቃል፣ ያለው «አባይ» ላይ ነው፤ ወንዝም ነው፣ ዋሾም ነው። ወርቁ አገሩን ሐሰተኛ ሞላው ይላል።

አሁን ይህን ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ስትገለብጡ አንድ ፊደል ያስጨንቃችኋል። ወንዙን በዐይኑ «ዓ» «ዓባይ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ዋሾውን ደግሞ በአልፋው «አባይ»። «ዓባይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰሙን ብቻ አጸናችሁ፣ ወርቁን ለዓይን ሸሸጋችሁ። «አባይ» ካላችሁ ወርቁ ቀድሞ ይወጣል፣ ጨዋታው ይላላል። ጆሮ ሁለቱን አይለይም፤ ገጣሚው በጆሮ ነው የሠራው። ስለዚህ ውሳኔው የእናንተ አይደለም። «የትኛውን ፊደል ልጻፍልዎ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ አንድ ጥያቄ ሰምና ወርቁን ሳትጠይቁ አስፈትቶ ይሰጣችኋል፤ ምክንያቱም ገጣሚው ፊደሉን ለመምረጥ ሁለቱንም መንገድ መናገር አለበት።

አልፈታም ካሉ ተዉት። ወርቁ የሚነካው ሰው በሕይወት ሊኖር ይችላል።

የግዕዝ ቅኔ ከሆነስ? እኛ ግዕዝ አናውቅም።

ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው ሲባል ለወግ አይደለም። ዋሸራና ጎንጅ ከወሎው ዋድላ ጋር ስማቸው የሚነሣ የቅኔ ቤቶች ናቸው፤ ዲማ ጊዮርጊስም ከታላላቆቹ ጉባኤ ቤቶች አንዱ ነው። ከእነዚህ የወጣ መምህር የሚናገረውን አንዲት ፊደል ብትስቱበት ምስጢሩ ይፈርሳል። «ሰአለ» ለመነ ነው፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ። «ሰረቀ» ሌባው ነው፤ «ሠረቀ» ደግሞ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፣ እንደ ፀሐይ። በድምፅ ቅጂ ላይ ልዩነታቸው አይሰማም።

አቀዳዱ በ4 ደረጃ ይሁን። አንደኛ፣ ቅኔውን በዜማው። ሁለተኛ፣ ያለ ዜማ ቀስ ብለው በንባብ። ሦስተኛ፣ ቃል በቃል ወደ አማርኛ። አራተኛ፣ ምስጢሩንና የተነሡበትን ታሪክ። አራቱን ከአንድ ቅጂ ላይ አድርጉ፤ ለየብቻ ከቀዳችሁ ይለያያሉ። ጉባኤ ቃና የተባለው ቅኔ 2 ቤት (ስንኝ) ብቻ ስለሆነ ለመጀመሪያ ቀን ይመቻል፤ መወድስ 8 ቤት ነው፣ ለአንድ መወድስ ብቻ አንድ ሙሉ ጠዋት መድቡ።

ቅኔ ለዕለቱ የሚዘረፍ፣ ማለት ለዚያው ቀን የሚደረስ ነው። «ከእርስዎ ቅኔዎች ምርጡን ይንገሩን» ብትሏቸው «የቱን አስታውሼ?» ሊሏችሁ ይችላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ይልቅ በዓሉን ጠቅሳችሁ ጠይቁ፦ «የጥምቀት ዕለት ያበረከቱት ነበር ይባላል»። ቅኔው የራሳቸው ነው ወይስ ከየኔታቸው የሰሙት የሚለውንም መለየት አትርሱ።

ስለ ሕይወታቸው ለመጠየቅ የቅኔ መምህር ከሁሉ ይቀላል፤ የትምህርታቸው መንገድ ራሱ የሕይወት ታሪክ ነውና። ዳዊት የት ደገሙ? ግስ ከማን ቆጠሩ? ለመጀመሪያ ጊዜ ቅኔ ነገራ (የሠሩትን ቅኔ ለመምህር ማሰማት) ሲሄዱ የኔታ ምን አሏቸው፣ ቅኔው ቆመ ወይስ ወደቀ? ከየትኛው ደብር ወደ የትኛው ተሻገሩ፣ በየቤቱ ስንት ዓመት? ቆሎ ተማሪ ሳሉ የት መንደር ለመኑ፣ የት ውሻ ነከሳቸው? የኔታቸውስ ከማን ተማሩ? ሦስትና አራት ትውልድ መምህራን ወደ ኋላ መቁጠር የሚችሉ አሉ፤ ስሞቹን በቅደም ተከተል ጻፉ።

«አንተ» ወይስ «እርስዎ»? በማዕረግ ላይ እንዳንሳሳት እንፈራለን።

መፍራታችሁ ደግ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሰፈር ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ጠይቁ፦ የኔታ፣ መሪጌታ፣ መምህር፣ አለቃ፣ አባ፣ እማሆይ፣ አያ፣ እትዬ። ለቅኔ መምህር «የኔታ» ካላችሁ አትሳሳቱም። በገጠር «አንቱ» ይሻላል፤ «እርስዎ» የቢሮ ድምፅ አለው። የዕድሜ እኩያችሁ የሆነ ወጣት ገጣሚ «አንተ በለኝ» ካለ በሉት፤ ግን በሕዝብ ፊት መድረክ ላይ ወደ «እርስዎ» ተመለሱ፣ አድማጩ አብሯችሁ አላደገምና።

ከ3 ሰው በላይ አትሂዱ። አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ መቅጃውን ይከታተል፣ አንዱ ማስታወሻ ይያዝ።

መቼና የት ይሻላል?

ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምንም አይቀዳም፤ የጎጃም ዝናብ ድምፅ የሰውን ድምፅ ይውጠዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ገበሬው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ጥርና የካቲት ለገጠር ገጣሚ ምርጥ ጊዜ ነው፤ ሥራ ጋብ ይላል፣ የሠርግ ግጥሙም ትኩስ ነው። ለካህናት ጾምን አስቡ፤ በጾም ቀን ቅዳሴ የሚወጣው ከቀትር በኋላ ነው፣ በነሐሴ ፍልሰታ ደግሞ ከ1 እስከ 15 ባትሄዱ ይሻላል። ተማሪ ነገራ በሚያቀርብበት ሰዓት የኔታን መጥራት ጉባኤ መበተን ነው። ገበያ ቀንን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ቦታው የራሳቸው ቤት ይሁን። ቡና ይፈላል፤ አትከልክሉ፣ ግን መቅጃውን ከረከቦቱ አርቁ። የሲኒ ኳኳታ ስንኝ መጨረሻ ላይ ይወድቅና ቤት የሚመታውን ፊደል ይበላዋል። አቦሉን ጠጥታችሁ፣ ቀረጻውን በቶና ጀምሩ። ጠላና አረቄ ከቀረበ ፈቃድ የመጠየቁን ሥራ ከመጠጡ በፊት ጨርሱ።

በስልክ መቅዳት ይበቃል?

በሥርዓት ከተያዘ ይበቃል። የሚበላሸው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ መሐል ላይ ስልክ ይደወላል፣ ማኅደረ ትውስታው ይሞላል፣ ባትሪ ያልቃል ወይም ስልኩ ሩቅ ይቀመጣል። ስለዚህ፦

ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ አድርጉ። ከተናጋሪው አፍ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ትንሽ ወደ ጎን፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሽ ይመታዋል። ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፣ የታጠፈ ጋቢ ከሥሩ አድርጉ፤ በጣት ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ብዙ ነው፣ ገጣሚ ደግሞ ምት ሲቆጥር ይመታል። በዌቭ ፎርማት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ ቅዱ፤ ለአንድ ሰዓት 320 ሜጋባይት ገደማ ይፈልጋል። ኤምፒስሪ ቦታ ይቆጥባል፤ ለዜማና ለማሲንቆ ግን ድምፁን ያሳሳዋል። ሁለተኛ ስልክ ለመጠባበቂያ አብሮ ይቅዳ።

አንድ ደቂቃ ሞክራችሁ በማዳመጫ ስሙ። ከዚያ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውንና የጠያቂውን ስም በድምፅ ተናገሩ። መብራት ይጠፋል ብላችሁ ፓወር ባንክ ያዙ። አንዱን ንግግር ከ90 ደቂቃ አታስበልጡ፤ ከዚያ በላይ ሽማግሌ ይደክማል፣ ደክሞም የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ሌላ ቀን መመለስ ይቻላል፤ እንዲያውም ይመረጣል።

ግጥሙን መሐል ላይ ቢረሱትስ?

አታቀብሏቸው። የቃል ግጥም በሰንሰለት የተያዘ ነው፤ አንዷ ስንኝ ቀጣይዋን ትጎትታለች። ከመጀመሪያው፣ በዜማው እንዲጀምሩት ጠይቁ፤ ያለ ዜማ የጠፋው በዜማ ይመጣል። ያም ካልሆነ ወደ ሌላ ጉዳይ እለፉ፤ ቡና እየጠጡ ሳለ ድንገት ይመጣላቸዋል፣ ለዚያ መቅጃውን አታጥፉ። ሁለት ጊዜ ብለውት ሁለቱ ከተለያየ ሁለቱንም ጻፉ። አንዱን «ትክክለኛ» ብላችሁ አትምረጡ።

ሙሾ ሲሆን ተጠንቀቁ። ያለ ሐዘን ሙሾ ማውረድ የሚከብዳቸው፣ ሟርት አድርገው የሚያዩት አሉ። ያለ ዜማ በንግግር እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፤ ያንንም ካልወደዱ ተዉት።

ስለ ቤተሰብ፣ ስለ እስርና ስለ ጦርነት መጠየቅ ይቻላል?

ሥራው ውስጥ ካለ ይቻላል። ግጥሙ ስለ ሞተ ልጅ ከሆነ ስለ ግጥሙ ጠይቁ፤ ስለ ልጁ መናገር የእሳቸው ፈንታ ነው። ካለቀሱ መቅጃውን ለማጥፋት ጠይቁ እንጂ ራሳችሁ አታጥፉ፤ «ይቅዳ» የሚሉ አሉ። የሌላ ሰው ስም በክፉ ከተነሣ በጽሑፉ ላይ ስሙን አትጻፉ። የፖለቲካ ጉዳይ ሲሆን ከመታተሙ በፊት ያንን ክፍል ብቻ ነጥላችሁ አንብቡላቸው፤ በስሜት የተነገረ ነገር በማግስቱ ሌላ መልክ አለው።

ዓመተ ምሕረት እየተምታታብን ነው። ምን እናድርግ?

ሽማግሌ ዓመት በቁጥር አይዝም፤ በነገር ነው የሚይዘው። መመሳከሪያ አዘጋጁ፦ የጣሊያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933፣ የታኅሣሡ ግርግር 1953፣ የጎጃም ገበሬ በእርሻ ግብር ያመፀበት 1960፣ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 1967፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ 1971፣ የፓዊ ሰፈራና ድርቁ 1977፣ የደርግ መውደቅ 1983። «ይህን ግጥም ሲገጥሙ ዘማቾቹ መጥተው ነበር?» ብትሉ መልሱ ወዲያው ይመጣል።

ከመጽሐፍ ላይ ዓመት ስትወስዱ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጡ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ወሩ ካልታወቀ ቀይራችሁ አትጻፉ፤ እንዳለ ተዉትና «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» የሚለውን ግለጹ።

ድምፁን ወደ ጽሑፍ ስንገለብጥ ንግግሩን እናርመው?

ግጥሙን በፍጹም። ወጉን በጥቂቱ። «ከቤት» ለማለት «ተቤት» ካሉ «ተቤት» ብላችሁ ጻፉ፤ የአገሩ ለዛ እሱ ነው፣ በግጥም ውስጥ ደግሞ ቤት የሚመታው በዚያ ሊሆን ይችላል። የሚቆረጠው «እ...»፣ መደጋገምና መሐል ላይ ለልጅ የተነገረ «ዝጋው በሩን» ዓይነቱ ነው።

ጊዜ መድቡ፤ የአንድ ሰዓት ቅጂ ለመገልበጥ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል፣ ቅኔ ካለበት ከዚያም በላይ። በቀዳችሁ በሳምንት ውስጥ ጀምሩት፤ የእጅ ምልክቱ፣ ፊቱ፣ የሳቀበት ቦታ ገና በዓይናችሁ ላይ ሳለ። የማይሰማውን በግምት አትሙሉ፤ ደቂቃውን ጽፋችሁ ክፍት ተዉትና ሁለተኛ ስትሄዱ አሰሟቸው። ግጥም የያዘውን ገጽ ለባለቤቱ ጮክ ብላችሁ ሳታነቡ አታትሙ። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ይህ ግዴታ ነው።

ገንዘብ እንክፈል?

ለአዝማሪ ክፈሉ፤ እንጀራው ነው። ለየኔታና ለሽማግሌ እንደ አገሩ ልማድ ስኳር፣ ቡና ወይም ጧፍ ይዞ መሄድ ያምራል። በግጥም ብዛት ግን አትክፈሉ። በቁጥር ሲከፈል የሰው ግጥም ይቀላቀላል።

የቀዳነው ግጥም የማን ነው? ማተም እንችላለን?

የገጣሚው ነው። ድምፁን የቀዳ ሰው የግጥሙ ባለቤት አይሆንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ስለዚህ ካረፉ ደግሞ ወራሾችን መጠየቅ ይገባል። ምንጭ ጠቅሶ ለአስተያየት ጥቂት ስንኝ መጥቀስ ይቻላል፤ ሙሉ ግጥም ማሳተም ግን ፈቃድ ይፈልጋል።

ፈቃዱን በሦስት ከፍላችሁ ጠይቁ፦ ቅጂው እንዲቀመጥ፣ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች እንዲያዳምጡት፣ በኢንተርኔትና በመጽሐፍ እንዲወጣ። የመጀመሪያውን ፈቅደው ሦስተኛውን የሚከለክሉ አሉ፤ «ፈቅደዋል» በሚል አንድ ቃል ሦስቱን ማጠቃለል ታማኝነት ማጉደል ነው። መፈረም የማይችሉ ከሆነ ወረቀቱን መቅጃው ክፍት ሳለ አንብቡላቸውና መልሳቸውን በድምፅ አስቀሩ።

በሕዝብ ፊት መድረክ ብናዘጋጅስ?

መልካም ነው፤ ግን አጭር ይሁን። 90 ደቂቃ በቂ ነው፦ 15 ደቂቃ ደራሲው ራሱ ያንብብ፣ 40 ደቂቃ ከአወያዩ ጋር፣ 25 ደቂቃ የታዳሚ ጥያቄ፣ 10 ደቂቃ እንደገና ንባብ። የመድረክ ዋናው ሕመም «ጥያቄ አለኝ» ብሎ ተነሥቶ 8 ደቂቃ ንግግር የሚያደርገው ታዳሚ ነው። ጥያቄ በወረቀት ሰብስቡ፤ ሲገቡ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ወረቀት ስጡ፣ አወያዩ እየመረጠ ያንብብ። ዓይን አፋሩ ተማሪም የሚሰማው ያኔ ነው። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ከአንድ ሰው አይብለጥ፤ ደራሲውን ግማሽ ሰዓት አስቀምጦ ባለሥልጣን ማስናገር እንግዳን ማስራብ ነው።

ያረፉ ደራሲዎችንስ?

ራሳቸው ከተዉት ጀምሩ። ሐዲስ አለማየሁ የሕይወት ታሪካቸውን «ትዝታ» ብለው ጽፈዋል፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲኖር የመንደር ወሬ ከእሱ ጋር እየተመሳከረ እንጂ ብቻውን አይወሰድም። ቀጥሎ አብሮ የተማረ፣ የታየበ፣ ቤት ያከራየ ሰው ፈልጉ። እያንዳንዱን «አይተው ነው ወይስ ሰምተው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቅጂው የት ይቀመጥ?

በ3 ቦታ፤ አንዱ ከከተማችሁ ውጭ። ፍላሽ ብቻ ላይ የተቀመጠ ነገር እንደሌለ ቁጠሩት። የፋይሉ ስም ቀን፣ ቦታና የተናጋሪ ስም ይያዝ፤ «ቅጂ 1» የሚባል ፋይል ከዓመት በኋላ ማንም አይከፍተውም። አንድ ቅጂ ለተናጋሪው ቤተሰብ በሚከፈትላቸው መልክ፣ በስልክ ማኅደረ ትውስታ ካርድ፣ ስጡ። ተናጋሪው ከፈቀዱ ሌላውን ለዘለቄታ የሚይዝ ተቋም ጠይቁ፤ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሐዲስ አለማየሁ የባህል ጥናት ተቋም፣ በአዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አለ። ስታስረክቡ የፈቃዱን ወረቀት አብራችሁ አስረክቡ።

ከታተመ በኋላ «ይህን አላልኩም» ቢሉስ?

ቅጂውን ከፍታችሁ ለመርታት አትሂዱ። አብራችሁ አዳምጡት። ቃሉ የእሳቸው ሆኖ ሐሳባቸው ተለውጦ ከሆነ የዛሬውን ሐሳብ ከቀኑ ጋር ከሥሩ ጨምሩ፤ የአገላበጥ ስሕተት ከሆነ በይፋ አርሙ፤ ይውጣልኝ ካሉ አውጡት። ዋናው ድምፅ ግን አይቆረጥ፤ በፈቀዱት መጠን ተዘግቶ ይቀመጥ።